«ደንቆሮ» ስለ ተባሉ ሕፃናት

አማርኛችን ብዙ የከበሩ ቃላት ያሉት ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ከቃላቱ መካከል አንዳንዱ ሳናስተውለው ፍርድ ሆኖ ይኖራል። ከነዚህም አንዱ «ደንቆሮ» የሚለው ነው። ደነቆረ ማለት ጆሮው ተደፈነ፥ መስማት ተሳነው ማለት ነው። ዛሬ ግን በገበያም በትምህርት ቤትም «ደንቆሮ» ብለን የምንሰድበው መስማት የተሳነውን አይደለም፤ ማወቅ የተሳነውን ነው። ሁለቱ ነገር በአንድ ቃል መጠራቱ፥ ወይ ያልሰማ ሰው ሊያውቅ እንደማይችል ከማስተዋል የመጣ ነው፤ ወይም የጆሮን ሕመም የልቡና ጕድለት አድርጎ ከመሳሳት የመጣ ነው። ከየትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ አልደፍርም። ነገር ግን ስሕተቱ እስከ ዛሬ በመካከላችን እንዳለ፥ እኔም ራሴ በገዛ እጄ እንደ ሠራሁት ለአንባቢ ልነግር ወድጃለሁ።

የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ሕፃን ተምሮ ሳይገባው፥ ተነግሮት ሳይዝ ሲቀር፥ መምህሩ ወይም ወላጁ «ሰነፍ ነው፤ አእምሮው ደካማ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። በኋላ ግን ምክንያቱ በሥጋው ውስጥ የተሸሸገ ሕመም ሆኖ ቢገኝ፥ ያ ፈራጅ «አላውቅም ነበር» በማለቱ ብቻ ከበደል ነጻ ይሆናልን? ወይስ ባለማወቁም የሚጠየቅበት ነገር አለ?

ከዛሬ ሃያ ዓመት ግድም በፊት በአንድ ደብር አጠገብ ሕፃናት ሰብስቤ ንባብ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረ። ፊደሉን ፈጥኖ ለየ፥ አቡጊዳውንም ጨረሰ፤ ወደ ዳዊት በደረሰ ጊዜ ግን ነገሩ ተበላሸ። ደኅና አድርጎ እያነበበ ሳለ በመስመሩ መካከል ድምፁ ቍርጥ ይላል፤ ዓይኑ አንድ ስፍራ ላይ ይተከላል፤ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፤ ዐሥር እስኪቈጠር ያህል ቈይቶ እንደ ገና ይጀምራል፥ ነገር ግን ካቆመበት ሳይሆን ከሌላ ስፍራ ነው። እንዲህ የሚሆነውም በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ አልነበረም። ጓደኞቹ ይሥቁበታል። እኔም ልቡ ሸፍቶ ከጨዋታ ሜዳ የዋለ መሰለኝ። መከርሁት፤ ተቈጣሁት፤ በመጨረሻም አለንጋ አነሣሁበት። «የት ሄደህ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «የትም አልሄድሁም፥ የኔታ፤ መጽሐፉ ነው የሚዘልል» ብሎ መለሰልኝ። ይህን እንደ ድፍረት ቈጠርሁበትና ግርፋቱን ጨመርሁለት።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱ መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ በደጃፍ ቆመችና «የኔታ፥ አይቈጡኝ። ልጄ እንዲህ የሚሆነው ሲያነብ ብቻ አይደለም። እንጀራ ሲበላም ጕርሻው በእጁ እንዳለ ይቀራል። ከልጆች ጋር ሲሯሯጥም ድንገት ቆሞ ይቀራል። ሰነፍ ልጅ ለመብልና ለጨዋታም ይሰንፋልን?» አለችኝ። እኔ በቅኔ ቤት ብዙ ዓመት የተቀመጥሁ ሰው ስሆን ለዚህች ፊደል ላልቈጠረች ሴት ጥያቄ መልስ አጣሁላት።

ያላትን በግ ሸጣ ልጇን በትልቁ ከተማ ወዳለው ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሙም ልጁን አስቀምጦ ሦስት ደቂቃ ያህል በኀይል በላይ በላዩ እንዲተነፍስ አዘዘው። ልጁም ሦስቱን ደቂቃ ሳይጨርስ፥ እናቱ እያየች፥ እንደ ልማዱ ዓይኑ ተተክሎ ቀረ። ከዚህ በኋላ በመሣሪያ ተመርምሮ ሕመሙ ታወቀ፥ መድኃኒትም ተሰጠው። ወደ ንባብ ቤት ሲመለስ እንዴት እንደ ሆነ ብጠይቀው «መጽሐፉ መዝለሉን ተወ፥ የኔታ» አለኝ። ያን ጊዜ ልጁ መጀመሪያም እውነቱን ነግሮኝ እንደ ነበረ ገባኝ። ሕመሙ በያዘው ጊዜ ያለፈውን ነገር ሁሉ ከቶ ስለማያውቀው፥ ለእርሱ የሚዘልለው መጽሐፉ ነበረ።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ከሚጥል በሽታ ወገን ይቈጥሩታል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አንዱ መያዝ ከ5 እስከ 20 ሴኮንድ ያህል ይቈያል፤ በአንድ ቀን ግን ብዙ ዐሥር ጊዜ፥ በአንዳንዱም ልጅ መቶ ጊዜ ያህል ሊደጋገም ይችላል። ሃንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ ለመጻፍ በቃ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የነበሩ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ልጆች በሚያዙበት ጊዜ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ የተለየ ሞገድ እንደሚታይ ጽፈው አስታወቁ። እንግዲህ ይህ ሕመም በወረቀት ላይ ተጽፎ የሚታይ ነገር ነው፤ የልብ መሸፈት አይደለም። መድኃኒትም አለው፤ ብዙዎቹም ልጆች ወደ ጕርምስና ሲደርሱ ይለቃቸዋል።

ታዲያ ይህን ያህል የታወቀ ነገር እንዴት ተሰወረብን ቢባል፥ አንዱ ምክንያት ስሙ ነው። እኛ «የሚጥል በሽታ» ብለን ጠራነው፤ የሚጥልም ሲሆን እናውቀዋለን። ይህኛው ግን አይጥልም። ልጁ አይወድቅም፥ አረፋ አይደፍቅም፥ አይንፈራገጥም፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሳለ ለአፍታ ከእኛ ይለያል፥ ወዲያው ይመለሳል። ስሙ የያዘውን ብቻ ስንፈልግ ስሙ ያልያዘው አመለጠን። የቅኔ ተማሪ በሰሙ ላይ ብቻ ቆሞ ቢቀር መምህሩ «ገና አላየኸውም» ይለዋል። እኛ መምህራን ግን ለቅኔ የምንሰጠውን ትዕግሥት ለሕፃን አልሰጠነውም፤ በላይ የሚታየውን ፍዘት አይተን ከበታቹ ያለውን ሳንጠይቅ ፈረድን።

በዛሬው ጊዜ በከተሞች ሌላ ዐይነት ስም መጥቷል። የተማሩ ሰዎች «ሰነፍ» ማለትን ነውር አድርገው «ትኩረት የማጣት ችግር አለበት» ወይም «ትምህርት የመቀበል ችግር አለበት» ይላሉ። በእርግጥ እንዲህ ያለ ችግር አለ፥ በሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን የልጁ ጆሮና ዓይን፥ ደሙና እንቅልፉ ሳይመረመር የተሰጠ እንደ ሆነ፥ አዲሱ ስም ከአሮጌው ስድብ የሚለየው በጨዋነቱ ብቻ ነው፤ በእውነተኛነቱ አይለይም። ከላይ የነገርሁት ዐይነት ሕመም ያለባቸው ልጆች በሌላውም ዓለም ትኩረት የሌላቸው እየተባሉ ብዙ ጊዜ ይቈያሉ።

አሁን ወደ ጆሮ እንመለስ፤ የተነሣንበት ቃል ከዚያ ነውና። በሕፃናት ላይ በጣም ከሚበዙት ነገሮች አንዱ ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ መቋጠር ነው። ከጕንፋን በኋላ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ እየወፈረ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከጆሮ የሚወጣ መግል ስለ ሌለው፥ ብዙ ጊዜም ስለማያም፥ እናት አታየውም፥ ልጁም አይናገረውም። እንዲህ ያለው ልጅ ፈጽሞ የማይሰማ አይደለም፤ ጣቱን በጆሮው ውስጥ እንዳገባ ሰው ደብዘዝ አድርጎ ይሰማል። ይባስ ብሎም ሕመሙ ይመላለሳል፤ ዛሬ ይሰማል፥ ነገ አይሰማም፤ ፊት ለፊት ቢጠሩት አፍ አይቶ ይመልሳል፥ ከኋላው ቢጠሩት ዝም ይላል። ስለዚህ «ሲፈልግ ይሰማል፥ ሳይፈልግ አይሰማም» ይባላል። ሕመም የነበረውን ነገር እልከኝነት የሚያስመስለው ይህ መለዋወጡ ነው።

ይህ ጕዳት በእኛ ጉባኤ እንዴት እንደሚከብድ ቤተ ክህነት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በንባብ ቤት ተነሹን ከወዳቂው፥ ሰያፉን ከተጣዩ የሚለየው ጆሮ ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይጽፈውም፤ ጆሮ ይቀበለዋል እንጂ። በዜማ ቤትማ ሁሉም ነገር የጆሮ ነው። ሃያ ልጅ አንድ ላይ እየጮኸ በሚማርበት ቤት ውስጥ ጆሮው የተቋጠረ ልጅ የሚሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው፤ ቃሉን አይደለም። እርሱም እንዳይሠቅበት አፉን ከጓደኞቹ ጋር ያንቀሳቅሳል። ለብቻው ቀጽሎ ሲባል ግን ይጋለጣል። ያን ጊዜ «ደንቆሮ» እንለዋለን፤ ቃሉ በጥንተ ትርጕሙ እውነት እንደ ሆነ ግን አናውቅም። ብዙው እንዲህ ያለ ፈሳሽ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ የሚጠፋ ነው፤ የቈየ እንደ ሆነ ግን ሐኪም ሊያወጣው ይችላል። እስከዚያውም ድረስ ልጁን ከመምህሩ አጠገብ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

መስማት የተሳነው መማር አይችልም የሚለው አሳብ የእኛ ብቻ ስሕተት አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዓመት በእስፓንያ አገር ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሌዮን የሚባል መነኵሴ ነበረ። ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰሙ የመኳንንት ልጆችን በገዳም ተቀብሎ መናገርን፥ ማንበብንና መጻፍን አስተማራቸው። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ይቻላል ብለው ያላሰቡትን ነገር አንድ ታጋሽ መነኵሴ ሠርቶ አሳያቸው። ልጆቹ ቀድሞም አእምሮ አልጎደላቸውም ነበር፤ የጎደላቸው መንገድ ብቻ ነበረ።

የዓይንም ነገር እንዲሁ ነው፥ ነገር ግን በዚህ ላይ ሁለቱን ትምህርት ቤቶቻችንን ማስተያየት ይጠቅማል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቃል ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል፤ መጽሐፉም ከተማሪው ጕልበት ላይ ነው። ስለዚህ ሩቅ ማየት የማይችል ልጅ በእኛ ዘንድ ሳይታወቅበት ይማራል፤ ዓይነ ስውራን ሆነው ታላላቅ መምህራን የሆኑም በየዘመኑ ነበሩ። ይኸው ልጅ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ሄዶ ከኋላ ወንበር በተቀመጠ ጊዜ ግን በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነጭ ጭጋግ ይሆንበታል። ከጓደኛው ደብተር ሲገለብጥ «ይሰርቃል» ይባላል። ትናንት በዳዊቱ የተመሰገነ ልጅ ዛሬ ሰነፍ ሆነ። ልጁ ተለወጠን? አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚፈተንበት ሕዋስ ነው። ጆሮው የተቋጠረ ልጅም በተቃራኒው በዜማ ቤት ወድቆ በሰሌዳ ፊት ሊነሣ ይችላል። ከዚህ የምንማረው፥ «አእምሮውን መዘንሁት» ስንል ብዙ ጊዜ የመዘንነው ዓይኑን ወይም ጆሮውን መሆኑን ነው። ሕፃኑ ደግሞ ሌላ ዓይን ኖሮት ስለማያውቅ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋልና አይናገርም።

ስለ ደምም አንድ ታሪክ ልናገር። በአሜሪካ በደቡብ ግዛቶች የሚኖሩ ድኾች ገበሬዎች ለብዙ ዘመን «ታካቾች፥ ሰነፎች» እየተባሉ ይናቁ ነበር። ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ፈዝዘው የሚውሉ፥ ፊታቸው የገረጣ፥ ዕድገታቸው የቀጨጨ ነበረ። ቻርልስ ስታይልስ የሚባል ሊቅ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. የዚህ ሁሉ ምክንያት በአንጀት ተጣብቆ ደም የሚመጥጥ መንጠቆ ትል መሆኑን አስታወቀ። ትሉ ከአፈር ተነሥቶ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ጋዜጣዎች በነገሩ ተሣልቀው «የስንፍና ተባይ» አሉት። ከዚህ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ሮክፌለር የተባለው ባለጠጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠና ሐኪሞች በየአውራጃው ሕዝቡን መረመሩ፤ ከተመረመሩትም ሕፃናት ከመቶ አርባ ያህሉ ትሉ ተገኘባቸው። መድኃኒት ተሰጠ፥ መጸዳጃም ተሠራ። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ዘመን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት፥ ትሉ እጅግ በዝቶባቸው በነበሩት አውራጃዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱትና ማንበብ የሚችሉት ልጆች ቍጥር ከሌላው ይልቅ ከፍ ማለቱን አገኙ። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ሁሉ ጠባይ ተብሎ የተፈረደበት ነገር፥ ቢያንስ በከፊሉ፥ የትል ሥራ ነበረ። በባዶ እግር እየሄደ፥ እየለመነ የሚማር የቈሎ ተማሪ ላለበት አገር ይህ ታሪክ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በአገራችንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የትል መድኃኒት የሚሰጥበት ሥራ በሰፊው ተጀምሯል።

ሌሎችም አሉ፤ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። እንቅርት በበዛበት ደጋ አገር ጨዉ አዮዲን የሌለው እንደ ሆነ የልጆች አእምሮ ይጎዳል። ጕዳቱ በእናት ማኅፀን የጀመረ እንደ ሆነ በኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በደንብ ታዟል። የጕሮሮው እጢ አብጦ ሌሊት የሚያንኰራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ልጅም እንቅልፍ ስለማይጠግብ ቀን ይፈዝዛል ወይም ይቅበጠበጣል። እንዲህ ላለው ልጅ በመንደር አዋቂ እንጥል ማስቈረጥ ደም ማፍሰስና ቍስል ማምጣት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለምና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ግርፋት ሲጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የተባለው ተረት በልጁ ላይ ይፈጸማል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። ትምህርት ከብዶት፥ መምህሩ ጌዴዎን ገርፎት፥ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አየ፤ ተጽናንቶም ተመለሰ ይባላል። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ እንወደዋለን። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የተናገርነው ለመግረፋችን ምስክር አድርገን ነው፤ «ያሬድም ተገርፎ ነው» እያልን። ታሪኩን ደኅና አድርጎ ላሰበው ግን ያሬድን የመለሰው አለንጋው አይደለም፤ አለንጋው ያሸሸው ነው። የመለሰው ትሉን ማየቱ ነው። ትሉም ዛፉን የወጣው ለመውጣት የተፈጠረ አካል ስለ ነበረው ነው። ትዕግሥት የደከመውን ያበረታል፤ የተደፈነውን ጆሮ ግን አይከፍትም። ልጁ የጎደለው ትጋት ነው ወይስ አካሉ ታስሯል ብሎ አስቀድሞ መለየት የመምህሩ ፋንታ ነው።

በወንጌልም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ያዩት ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው እንደ ጠየቁ፥ ጌታም ሁለቱንም እንዳልተቀበላቸው እናነባለን። እኛ ግን ያንኑ የተዘጋ ጥያቄ በየጉባኤ ቤቱ እንደ ገና ከፈትነው። «ሰነፍ» ማለት ኃጢአቱ የእርሱ ነው ማለት ነው፤ «ያልተቀጣ» ማለት ደግሞ የወላጆቹ ነው ማለት ነው።

አለማወቅ በሦስት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ሊታወቅ የማይቻለውን አለማወቅ ነው፤ በዚህ ሰው አይጠየቅም። ሁለተኛው ጠይቆ ማወቅ ሲቻል አለመጠየቅ ነው። ሦስተኛው ተነግሮት ሳለ በትዕቢት አለመቀበል ነው። እኔ የሐኪሙን መሣሪያ ባለማወቄ አልከሰስም። ነገር ግን እናቱ የጠየቀችኝ ጥያቄ የሐኪም ጥያቄ አልነበረም። ልጁ ሲበላስ፥ ሲጫወትስ እንዲህ ይሆናልን ብሎ መጠየቅ ዓይንና ምላስ ላለው ሁሉ የሚቻል ነበር። ስንፍና የሚጠላውን ሥራ መርጦ ይሸሻል፤ ይህ ሕመም ግን አይመርጥም፥ ጕርሻውንም ያስቆማል። ይህን ሳልጠይቅ መታሁት። ስለዚህ በሁለተኛው ወገን ተከስሻለሁ፤ ከሦስተኛው ያዳነችኝ ያች ሴት ናት። ዳኛ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ እንዳይፈርድ ሕግ ያዝዛል፤ በልጁ ጕዳይ ያልተሰማው ምስክር የገዛ ሥጋው ነበረ። ልጁ በፊቴ ቆሞ «መጽሐፉ ይዘልላል» እያለ ሲመሰክር ሰምቼ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት ደንቆሮ የነበረው እኔ ነበርሁ።

ምናልባት አንድ አባት እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ «ሁሉን በሽታ ካልኸው ተግሣጽ ይጠፋል፤ ልጅም ሁሉ በሕመም አመካኝቶ ይሰንፋል»። ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። ሰነፍ ልጅ አለ፤ እኔም በልጅነቴ ብዙ ቀን ከእነርሱ ጋር ተቈጥሬአለሁ። ነገር ግን ተግሣጽ የፈቃድ መድኃኒት ነው፤ ፈቃድ በሌለበት ስፍራ የተሰጠ ተግሣጽ መድኃኒት ሳይሆን በደል ይሆናል። መርምሮ የሚገሥጽ ሰው ተግሣጹ ይከበርለታል፤ ሳይመረምር የሚገሥጽ ግን በጤነኛውም ልጅ ዘንድ ክብሩን ያጣል፤ ልጆች ግፍን ፈጥነው ያውቃሉና። ደግሞም ዓይኑ፥ ጆሮው፥ ደሙ ሁሉ ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ሳለ ፊደልና ድምፅ የማይገናኙለት ልጅ ይገኛል። በሌላው ነገር ሁሉ ብልህ ሊሆን ይችላል። ይህም የተፈጥሮ ችግር እንጂ ጥፋት አይደለምና በሌላ መንገድ፥ በዝግታ ሊያስተምሩት ይገባል። ምርመራው ስንፍናን ለመካድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለመስጠት ነው።

ሌላው ደግሞ «ሐኪም ሩቅ ነው፥ ገንዘብም የለም» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ገንዘብ ከማይጠይቀው እንጀምር። ልጁን ከፊት አስቀምጦ ለውጡን ማየት፤ ከኋላው ሆኖ በዝግታ ጠርቶ መስማቱን መፈተን፤ ከሩቅ ያለውን ጽሕፈት አንዱን ዓይን ሸፍኖ ማስነበብ፤ እናቱን ስለ እንቅልፉ፥ ስለ መብሉ፥ ስለ ጨዋታው መጠየቅ፤ የዓይኑን ቆብ ገልጦ መገርጣቱን ማየት። እነዚህ የሐኪምን ፍርድ አይተኩም፤ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባውን ልጅ ግን ያሳያሉ። ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን ገንዘብ ደግሞ የሰንበቴና የማኅበር ጽዋ የሚጠጣ ሕዝብ ለአንድ ድኻ ልጅ ቢያዋጣ አይከብደውም። ያች እናት ብቻዋን በጓን መሸጥ አይገባትም ነበር።

ለካህናት ወንድሞቼ አንድ ነገር ልጨምር። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ወላጆቹ ወደ ጠበል ያመጡታል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን ትቶ ይጠመቅ የሚል ምክር ከእኛ አፍ አይውጣ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን አብሶ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። በቀኖናችን የተቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር አስተምሮናል፤ የሐኪምንም ጥበብ የሰጠ ጠበሉን የሚባርከው እርሱ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ በከተማ በሥራ ላይ ይገኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት ለበዓል ሲመጣ አገኘሁትና ስለዚያ ዘመን ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «የኔታ፥ ግርፋቱን ረስቼዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን ይቅር ብያለሁ» አለኝ። ከዚህ የበለጠ መልስ ይገባኝ ነበር አልልም።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ወይም በጉባኤህ የሚፈዝዝ፥ የማይሰማ፥ የማይዝ ልጅ ቢኖር፥ ስም ከማውጣትህ በፊት ጠይቅ፤ እናቱንም ጠይቅ፥ ራሱንም ጠይቅ። የሚነግርህም ነገር እንግዳ ቢመስልህ እንደ ድፍረት አትቍጠርበት። የሰማኸውን ለማመን ቢያስቸግርህ እንኳ፥ እስክትመረምረው ድረስ እጅህን ሰብስብ። እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ ለልጆቻችንም ለእኛም ይስጠን።